ሽቦውን ፍሬን ይያዘው፦ ኮይል በእጃቸው ለሚጠመጥሙ

የተቃጠለ ትራንስፎርመር ወይም የውሃ ፓምፕ ዳይናሞ የሚጠመጥም ሰው የዙሩን ቁጥር በጥንቃቄ ይይዛል፤ የሽቦውን ውፍረትም ይለካል። ሽቦው በምን ያህል ኃይል እየተሳበ እንደሚጠቀለል ግን ብዙውን ጊዜ ለጣት የተተወ ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር «ጠበቅ አድርገህ ያዘው» ከማለት አያልፍም፤ ያ «ጠበቅ» በግራም ሲመዘን ስንት እንደሆነ እምብዛም አይነሣም። የዚህ መመሪያ አቋም ግልጽ ነው። የሰው እጅ ሽቦን በመምራት የሚተካከለው የለም፤ አንድን ውጥረት ለሺህ ዙር ሳያዛንፍ በመያዝ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ይለያዩ፤ መያዙን ለፍሬን፣ መምራቱን ለእጅዎ ይስጡ።

ውጥረቱ ሲበዛ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ የሚሆነው ስለማይታይ ነው። ለጥምጠማ የሚሸጠው ለስላሳ መዳብ ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ሊለጠጥ ይችላል። «ካልተበጠሰ ደህና ነው» የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይወድቃል። አምስት በመቶ የተለጠጠ ሽቦ ይቀጥናል፤ የተቆረጠ ፊቱ ስፋት በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል፤ በተመሳሳይ ርዝመትም የኤሌክትሪክ መከላከያው በአምስት በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያው ከረንት ሲያልፍበት የበለጠ ይሞቃል። የቫርኒሽ ሽፋኑም አብሮ ይለጠጣል፤ ይሳሳል፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ይወጡበታል፤ ኮይሉ ሲግልም እነዚያ ስንጥቆች ይሰፋሉ። ሥራው ጠረጴዛ ላይ አምሮ ይወጣና ከሳምንታት በኋላ ዙር ከዙር ተገናኝቶ ይቃጠላል።

ውጥረቱ ሲያንስም ሌላ መዘዝ አለ። በ50 ኸርዝ በሚሠራ መሣሪያ ውስጥ ሽቦዎቹ ላይ የሚያርፈው መግነጢሳዊ ግፊት በአንድ ሴኮንድ 100 ጊዜ ይመላለሳል፤ በአንድ ሰዓት 360 ሺህ ጊዜ ማለት ነው። የላላ ዙር በእያንዳንዱ ግፊት ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤቱን ይፈትጋል፤ ሽፋኑም ይበላል። «መጨረሻ ላይ የሚገባው ቫርኒሽ ሲደርቅ ሁሉንም ይይዘዋል» የሚል መከራከሪያ አለ። እውነትነቱ በከፊል ነው። ቫርኒሽ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሽቦዎችን አንድ ያደርጋል፤ ሰፊ ክፍተት ውስጥ የገባው ግን ከመድረቁ በፊት አብዛኛው ተመልሶ ይፈሳል። ያልተሞላ ክፍተት ደግሞ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። በዚያ ላይ ልል ኮይል ያብጣል፤ የትራንስፎርመሩ ላሜራ መስኮት ውስጥ አልገባም ይላል። ያን ጊዜ በመዶሻ ማስገባት ይመጣል፤ ሽፋኑም እዚያው ይላጣል።

1. ሽቦውን ይለኩ፣ ውጥረቱን ያስሉ

ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ካሊፐር ለወፍራም ሽቦ እንጂ ለቀጭን አይበቃም። ከሽቦው ጫፍ ላይ ሽፋኑን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያንሡና ባዶውን መዳብ ይለኩ። የተለመደው ስሕተት ከነሽፋኑ መለካት ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ሽፋኑ ብቻውን ከውፍረቱ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ሊይዝ ስለሚችል ስሌቱን ያበላሻል፤ ኃይሉን የሚሸከመው መዳቡ ነው።

ለለስላሳ መዳብ ጥሩ መነሻ የሚሆነው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 5 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን በቀላሉ ለማስላት የሽቦውን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር በራሱ ያባዙ፤ ውጤቱን በ4 ያባዙ፤ መልሱ በኪሎ ይወጣል። 0.1 ሚሊ ሜትር ሽቦ 40 ግራም፣ 0.2 ደግሞ 160 ግራም፣ 0.3 ሽቦ 360 ግራም፣ 0.5 አንድ ኪሎ ይደርሰዋል። ልብ ማለት የሚገባው ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ መሆኑን ነው። በ0.5 ሽቦ የለመደ ጣት ወደ 0.2 ሲዞር «ትንሽ ቀነስ» ቢያደርግ አይበቃም፤ ከስድስት እጥፍ በላይ መቀነስ አለበት። ጎበዝ ጠምጣሚ በአንድ ዓይነት ሽቦ ተሳክቶለት በሌላው የሚሳሳትበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

2. ስሌቱን በውሃ ይፈትኑ

በገበያ የሚገኝ ሽቦ ሁሉ የተጻፈበትን አይሆንም። ፈተናው ርካሽ ነው፤ የሚያስፈልገው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስና ውሃ ብቻ ነው። አንድ ሜትር የሚያህል ሽቦ ቆርጠው አንዱን ጫፍ በለስላሳ ክብ ብረት ላይ ስድስት ሰባት ጊዜ ይጠቅልሉና ይሰሩት፤ ሌላውንም ጫፍ እንደዚሁ በጠርሙሱ አንገት በኩል ባለ ክብ እንጨት ላይ ይጠቅልሉት። ቋጠሮ አይጠቀሙ፤ ሽቦው ቋጠሮው ላይ ቀድሞ ስለሚበጠስ ውጤቱ የውሸት ይሆናል። ከዚያ ውሃውን ቀስ ብለው ያንቆርቁሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሌላ ሚዛን አያሻም፤ የጠርሙሱን ክብደት ብቻ ይደምሩ። ለ0.1 ሽቦ ጠርሙሱ ትንሽና ቀላል ይሁን። 0.5 ሽቦ ግን ከ4 ኪሎ በላይ ስለሚሸከም ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ይፈልጋል። ሲበጠስ ጫፉ ይገርፋልና መነጽር ያድርጉ፤ ከሥርም ጨርቅ ያንጥፉ።

ሽቦው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሸከማል። ከዚያ ጠርሙሱ በዝግታ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል፤ ውሃ መጨመሩን ቢያቆሙ ይቆማል፤ ሲጨምሩ ይቀጥላል። ያ መውረድ የመዳቡ መለጠጥ ነው፤ በጥምጠማ ጊዜ በጣት የማይታወቀው ጉዳት እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። 0.2 ሽቦ ከሆነ 650 ግራም አካባቢ ሲደርስ ይበጠሳል ብለው ይጠብቁ። የበጠሰው ክብደት አንድ አራተኛ የሥራዎ ውጥረት ነው፤ በስሌት ካገኙትም ጋር ይቀራረባል። በጣም ካነሰ ሽቦው ከተጻፈበት ቀጭን ነው፣ ወይም ተጎድቷል፣ ወይም መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው። ጫፉን ሞርደው ውስጡን ይዩ፤ ነጭ ከሆነ ለሥራው አይጠቀሙበት። መከላከያው ከመዳብ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ስለሆነ ውጥረቱን ቢያስተካክሉም ኮይሉ ይግላል።

3. ሮሉን ያለ ፍትጊያ ይልቀቁት

ቀጭን ሽቦ ሲሆን ሮሉን አቁመው ሽቦውን ከአናቱ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ሮሉ አይዞርም። ከሮሉ መሐል ትክክል በላይ፣ ቢያንስ የሮሉን ቁመት ያህል ከፍ ብሎ፣ ለስላሳ ቀለበት ይኑር። ሮሉ ካልዞረ የሚነሣና የሚቆም ክብደት የለም፤ በተነሡና በቆሙ ቁጥር የሚመጣው ንጥቂያም ይቀራል። የሮሉ ከንፈር ሻካራ እንዳይሆን ጥጥ ያስኪዱበት፤ ጥጡ ከያዘው ሽቦውንም ይይዘዋል።

ወፍራም ሽቦ ግን ከአናት ሲሳብ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ሮሉን በአግድም ዘንግ ላይ ማዞር ይሻላል። እዚህ ብዙዎች የሚያመልጣቸው ነገር አለ። ዘንጉን በቀበቶ ወይም በጨርቅ ይዘው ፍሬን ቢያደርጉት፣ ፍሬኑ ሳይነካ ውጥረቱ ይለወጣል። ሙሉው ሮል 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ሥራው መጨረሻ ላይ 6 ከቀረው ያው ፍሬን ሽቦውን በእጥፍ ኃይል ይስበዋል። ስለዚህ ዘንጉ ላይ ያለው ፍሬን ሮሉ በራሱ እንዳይዞር ብቻ ይከልክል፤ ዋናው ውጥረት ከሮሉ በኋላ ባለው ፍሬን ይፈጠር።

4. ፍሬኑን ይሥሩ

ሁለት ትናንሽ ጠፍጣፋ እንጨቶች፣ በመካከላቸው ፌልት ወይም ንጹሕ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ የሚያጣብቃቸው ቡሎን፣ በቡሎኑ ላይ ሞላ፣ ከሞላው በላይ በእጅ የሚጠብቅ ዳዶ። ሽቦው በሁለቱ ፌልቶች መካከል ያልፋል። ሞላው ከሌለ ዳዶውን ሩብ ዙር ማዞር ውጥረቱን ከምንም ወደ መበጠስ ሊያደርሰው ይችላል፤ ሞላው ይህን ዝላይ ወደ ቀስታ ይለውጠዋል። ፌልቱን በየጊዜው ከፍተው ይመልከቱ። አሸዋ ወይም የመዳብ ብናኝ ከያዘ ሙሉውን ሮል እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ ማራገፍ ሳይሆን መለወጥ ነው ያለበት።

ከፍሬኑ በኋላ ሽቦው የሚታጠፍባቸውን ቦታዎች ያሳንሱ። ፍትጊያ በየመታጠፊያው የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። በአንድ የብረት ዘንግ ላይ ግማሽ ዙር የታጠፈ ሽቦ፣ የፍትጊያ መጠኑ 0.2 ከሆነ፣ ሲገባ 100 ግራም የነበረው ሲወጣ 187 ግራም ገደማ ይሆናል። ሁለት እንደዚህ ያሉ መታጠፊያዎች ወደ 350 ያደርሱታል። ስለዚህ «ለማለስለስ» ተብሎ ሽቦውን በብዙ ሚስማር መካከል ማመላለስ ውጥረቱን ማረጋጋት አይደለም፤ በመነሻው ላይ ያለችውን ትንሽ መዛነፍ ማጉላት ነው። መታጠፍ ግድ ከሆነ በቀላሉ የሚዞር ትንሽ መዘውር ይጠቀሙ።

ለአራት ማዕዘን ፎርማ ደግሞ ከፍሬኑ ቀጥሎ በቀጭን ሞላ የተያዘ፣ ጫፉ ላይ መዘውር ያለው ክንድ ይጨምሩ። ስሌቱ ምክንያቱን ያሳያል። ፎርማው 30 በ20 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ ሲሆን ሽቦው ከዘንጉ መሐል 10 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ይሳባል፤ ማዕዘኑ ሲመጣ ርቀቱ 18 ይደርሳል። እጀታውን እኩል ቢያዞሩም ሽቦው በአንድ ዙር ውስጥ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ልዩነት ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ክንዱ ማዕዘኑ ሲመጣ ሸብረክ ብሎ ሽቦ ይለቃል፤ ጎኑ ሲመጣ መልሶ ይሰበስባል። ክንዱ ከሌለ ይህን ሁሉ የሚችለው ሽቦው ራሱ ነው።

5. ፍሬኑን በዚያው ጠርሙስ ያስተካክሉ

ሽቦውን በፍሬኑና በመዘውሮቹ ሁሉ አሳልፈው፣ ፎርማው ከሚሆንበት ቦታ ቀጥታ ወደ ታች እንዲወርድ ያድርጉትና ጠርሙሱን ያንጠልጥሉ። በውስጡ የሥራው ውጥረት ያህል ውሃ ይኑር፤ ለ0.2 ሽቦ ከነጠርሙሱ 160 ግራም። ዳዶውን ያጥብቁ፤ ጠርሙሱ ይቆማል። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ያላሉት፤ ጠርሙሱ ሳይንደረደር በዝግታ መውረድ ሲጀምር ፍሬኑ ልክ ነው። ወደ ታች ለማዞር የተጠቀሙበት መዘውር የራሱን ፍትጊያ ስለሚጨምር ቀላልና በደንብ የሚዞር ይሁን። ይህን ፈተና ሮሉ ሲጋመስ፣ ፌልቱ ሲለወጥና የሽቦ ውፍረት ሲቀየር ይድገሙት።

«ልምድ ያለው እጅ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። የሠለጠነ ጣት ለውጥን ወዲያው ያውቃል፤ ሽቦው ሲነጠቅ፣ ሲላላ፣ እንቅፋት ሲነካው ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ይሰማዋል። ለውጥን ማወቅና መጠንን አጽንቶ መያዝ ግን ይለያያሉ። ጣት ያልበዋል፣ ይደርቃል፣ ይደክማል፤ ፍትጊያው በዚያው ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ጣት ቀስ እያለ የሚመጣውን ለውጥ ይለምደዋል፤ ጠዋት 160 ግራም የነበረው ከሰዓት 250 ሲሆን «ያው ነው» ይላል። ለወፍራም ሽቦና ለጥቂት ዙሮች፣ ለምሳሌ ለ40 ዙር የ1 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ እጅ በጓንት ይበቃል፤ እዚያ ላይ የሚያስቸግረው የሽቦው ግትርነት እንጂ መቅጠኑ አይደለም። ዙሩ መቶዎችን ሲያልፍና ሽቦው ከ0.4 በታች ሲሆን ግን የእጅን ችሎታ ለመምራት ማዋል እንጂ በመያዝ ማድከም አያዋጣም።

6. ፎርማውን ለጭነቱ ያዘጋጁ

ትንሽ የሚመስል ውጥረት ይከማቻል። እያንዳንዱ ዙር ፎርማውን ከሁለት ወገን ስለሚጨምቀው በ160 ግራም የተጠመጠመ አንድ ዙር 320 ግራም ጭነት ነው፤ አንድ ሺህ ዙር በስሌት 320 ኪሎ ይሆናል። ውስጠኞቹ ዙሮች እየላሉ ስለሚሄዱ ሙሉው ክብደት አያርፍም፤ ሆኖም ባዶ የካርቶን ወይም ስስ የፕላስቲክ ፎርማ ወደ ውስጥ ለመጎበጥ፣ የጎን ክንፎቹም ለመከፈት ይበቃል። በውስጡ ልክክ የሚል ጠንካራ እንጨት ያስገቡ፤ እንጨቱ በሰያፍ ለሁለት የተከፈለ ቢሆን ሥራው ሲያልቅ በቀላሉ ይወጣል። ክንፎቹን ከውጭ በእንጨት ይደግፉ፤ ማዕዘኖቹን በጥቂቱ ያድበልብሉ።

7. ሲጠመጥሙ ይምሩ፣ አይሳቡ

አንድ እጅዎ እጀታውን ያዞራል፤ ሌላው ሽቦውን በጥጥ ጓንት ወይም በፌልት ቁራጭ ነካ አድርጎ ቦታውን ያሳየዋል። ሽቦው ከመጨረሻው ዙር ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ይምጣ፤ ያን ጊዜ አዲሱ ዙር ቀድሞ በተቀመጠው ላይ በራሱ ይጠጋል። ዘንበል ማለቱ ከበዛ ዙሩ በጎረቤቱ ላይ ይወጣል፤ ወደ ፊት ከቀደመ ክፍተት ይተዋል። ሁለቱንም በማጥበቅ ለማረም አይሞክሩ። ወደ ኋላ አንድ ሁለት ዙር ፈትተው አንግሉን ያስተካክሉ።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ፤ «ካላጠበቅኩት ጎኑ ያብጣል»። በአራት ማዕዘን ፎርማ ላይ ጎኑ ማበጡ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ማጥበቅ አይደለም። የተወጠረ ሽቦ ወደ ውስጥ የሚጫነው በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ነው፤ በቀጥታው ጎን ላይ ወደ ውስጥ የሚገፋ ኃይል የለውም። ውጥረቱን እጥፍ ቢያደርጉት ማዕዘኑ ላይ ያለው ሽፋን ይጨፈለቃል፤ ጎኑ ግን እምብዛም አይተኛም። ስለዚህ በየንጣፉ መጨረሻ ላይ ለስላሳ ጠፍጣፋ እንጨት ይዘው አራቱንም ጎን ይጫኑ፤ ከዚያ የመለያ ወረቀቱን ያድርጉ። ወረቀቱ ከንጣፉ በሁለቱም ጎን ጥቂት ሚሊ ሜትር ይትረፍ፤ የዳር ዙር ሾልኮ ወደ ታችኛው ንጣፍ ከወደቀ በመካከላቸው ያለው ቮልቴጅ እዚያ ላይ ከፍተኛ ነው፤ መጥበቅ ሲበዛም የመጀመሪያው የሚወድቀው የዳር ዙር ነው።

ለዳይናሞ ኮይል ይህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። ያ ኮይል ከፎርማው ወጥቶ ጥቂት ጥቂት ሽቦ እየተደረገ በስታተሩ ቦይ ውስጥ ስለሚገባ እንደ ልብ መተጣጠፍ አለበት። በስሌት ካገኙት ውጥረት ግማሹ ይበቃዋል፤ እንዳይፈታም ከፎርማው ከመውጣቱ በፊት በሁለት በሦስት ቦታ በክር ይታሰር። እዚህ ላይ የሚፈለገው መጥበቁ ሳይሆን የሁሉም ኮይሎች እኩልነት ነው።

8. ሲያቆሙ ሽቦውን አይልቀቁ

ስልክ ሲጠራ ወይም መብራት ሲጠፋ እጀታው ወደ ኋላ ከዞረ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ይላላሉ፤ ሲቀጥሉ የላላው ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። እጀታውን የሚይዝ መቆለፊያ ይኑር፤ ካልሆነም ሞርሳ ይበቃል። የመጨረሻውን ዙር በቴፕ ይለጥፉ፤ የዙሩንም ቁጥር ይጻፉ። ሽቦ ተበጥሶ መቀጠል ካለብዎ መገጣጠሚያውን በይደው፣ ሽፋን አልብሰው፣ በጠፍጣፋው ጎን ላይ ያሳርፉት፤ ማዕዘን ላይ አይሁን። ከዚያም የተበጠሰበትን ምክንያት ሳያገኙ አይቀጥሉ።

9. ውጤቱን ይለኩ

የመጀመሪያው ፍተሻ ሥራው ሲጀመር ነው። ሽቦው ፍሬን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁለት ነጥብ በማርከር በአንድ ሜትር ርቀት ያድርጉ፤ ጠምጥመው መልሰው ፈትተው በዚያው ውጥረት አቅንተው ይለኩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ ሽቦው እየተለጠጠ ነው፤ ፍሬኑን ያላሉ።

ሁለተኛው ሥራው ሲያልቅ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዙር ርዝመት ለክተው አማካዩን በዙሩ ብዛት ያባዙ፤ የሽቦው ርዝመት በሜትር ይወጣል። ያን በ0.022 ያባዙና ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ያካፍሉ። 100 ሜትር የ0.2 ሽቦ 55 ኦም መስጠት አለበት። መልቲሜትሩ 58 ቢያሳይ ወይ ሽቦው ተለጥጧል ወይ ሞቋል፤ መዳብ በ10 ዲግሪ ሙቀት 4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ከመበየድ ወይም ከፀሐይ የወጣን ኮይል ሳይበርድ አይለኩ። ወፍራም ሽቦ ሲሆን የመልቲሜትሩ ገመዶች ራሳቸው ከኮይሉ የሚስተካከል መከላከያ አላቸው፤ ስለዚህ 1 አምፔር ያህል ከረንት ለአጭር ጊዜ አሳልፈው በኮይሉ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ፤ ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉ ኦሙ ይወጣል። ለባለ ሦስት ፌዝ ዳይናሞ ከስሌቱ ይልቅ ሦስቱን ፌዝ ማወዳደር ይበልጣል፤ ሁለቱ ተቀራርበው አንዱ ከፍ ካለ፣ የዙር ቁጥሩም ትክክል ከሆነ፣ ያኛው ጠብቆ የተጠመጠመ ሳይሆን አይቀርም። ቫርኒሽ ሳይገባ ይፈቱት፤ ከገባ በኋላ መፍታት አይቻልም። የተፈታውንም ሽቦ ለሌላ ኮይል አይመልሱት፤ ቀጥኗል፣ ሽፋኑም ተጎድቷል፣ በፍሬኑ ሁለተኛ ሲያልፍ ደግሞ ይብስበታል።